ዘመናዊ አገልግሎት በሌለው ጥንታዊ ሆቴል ከቤተሰብ ጋር ማደር፦ ከአንኮበር መንገድ የመጣ ጥያቄ

ወለተ ሸዋ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቻችንና ሰባ ዓመት ያለፋቸው አማቴ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ፣ በአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ በተከፈተ ሆቴል አድረን ተመልሰናል። የሆቴሉን ስም አልጽፍም፤ የማነሣው ጉዳይ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በአካባቢያችን እንግዳ መቀበል የጀመሩ አሮጌ ቤቶችን ሁሉ የሚመለከት ነው ብዬ አምናለሁና።

አስቀድሜ ቤቱን በሚገባው ልክ ላመስግን። ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ወለሉና የጣሪያው ተሸካሚ የጽድ እንጨት ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ከእግሩ ሥር ገደሉን፣ ከገደሉ በታች የአልዩ አምባን ኮረብቶች፣ ከዚያም ወዲያ የአፋርን ቆላ የሸፈነውን ጭጋግ ያያል። ጠዋት ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው በአጥሩ ሥር ሣር ሲነጩ ልጆቼ ስልክ ሳይጠይቁ ረፋዱን በሙሉ ሲያዩዋቸው ቆዩ። ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው፤ ቁርስ ላይ የቀረበው የገብስ ቂጣና ማርም መልካም ነበር።

ችግሩ የጀመረው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። መታጠቢያው ከመኝታ ክፍሎቹ ተለይቶ በግቢው ማዶ ስለሚገኝ አማቴ በጨለማ ያንን ሁሉ የድንጋይ ደረጃ መውረድ ነበረባቸው። ሙቅ ውኃ «ይመጣል» ተባለ እንጂ አልመጣም። መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ በሁለተኛው ጊዜ እስኪነጋ አልተመለሰም። ክፍሉ ውስጥ ምንም ዓይነት ማሞቂያ የለም፤ የተሰጠን ብርድ ልብስም ስስ ስለነበረ ትንሿን ልጄን በመካከላችን አስተኝተን ጋቢያችንን ደረብንላት። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ብንጣራ የሚሰማን ሰው አልነበረም። ከሁሉም በላይ ቅር ያሰኘኝ፣ ክፍሉን በስልክ ስንይዝ ከዚህ ሁሉ አንዱም አለመነገሩ ነው።

ባለቤቴ በመልስ መንገድ ላይ «ጥንታዊ ቤት ፈልገን ሄድን፣ ጥንታዊ ቤት አገኘን፤ ሻወር የፈለገ ደብረ ብርሃን ያድራል» አለ። አማቴ ግን ያልጠበቅሁትን መለሱ። «እኔ የተወለድኩት መብራት በሌለበት ቤት ነው፤ መብራት ጠፋ ብዬ አላዝንም። ያጣሁት እሳት፣ የእግር ውኃና ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ነው። በአባቴ ቤት እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ፣ የሚደርበው ሳይሰጠው አያድርም ነበር» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ አነጋገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የእናንተን አስተያየት እጠይቃለሁ፦ ከጥንታዊ ቤት ምን መጠበቅ ይገባናል? ያልተሟላውንስ በምን ልክ ልንታገሥ ይገባል?

የመንዝ ተወላጅ

እህቴ፣ አማትዎ የተናገሩት ትክክል ነው፤ እንዲያውም የጉዳዩ ሥር እሱ ነው።

የደጋ ሰው ቤት ከጥንት ጀምሮ ለብርድ የተሰናዳ ቤት ነው። በመንዝ የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም፣ በሩ ዝቅተኛ፣ መስኮቱ ትንሽ ወይም ጭራሹን የሌለ የሚሆነው ሠሪው ብርሃን ስለማይወድ አይደለም፤ ሙቀት እንዳይወጣ ነው። ምድጃው ከቤቱ መካከል ይሆናል፤ መደቡ ከምድጃው ብዙም አይርቅም፤ በብዙ ቤት ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድር ትንፋሹ ራሱ ቤቱን ያሞቃል። በዚያ ላይ ባና አለ። ከበጎቻችን ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራውን ባና ያልለበሰ ሰው የመንዝን ሌሊት እንዴት እንደምናልፍ ሊያውቅ አይችልም። ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳል፤ ነገር ግን ብርድ አያሳልፍም።

አሁን አሮጌ ቤት ወደ ሆቴልነት ሲለወጥ የሚደረገውን አስቡት። እንግዳው ገደሉን እንዲያይ መስኮቱ ይሰፋል። ጭስ ስለሚያስቸግር ምድጃው ይነሣል። ከብቱ፣ እንደሚገባው፣ ይወጣል። ባናው «የባላገር» ተብሎ ይቀርና በቦታው ከገበያ የመጣ ስስ ብርድ ልብስ ይተካል። ቤቱ ይሞቅባቸው የነበሩት ነገሮች አንድ በአንድ ወጥተው በምትካቸው ምንም አልገባም። እንግዲህ ይህ ቤት ጥንታዊም ዘመናዊም አይደለም፤ የጥንቱን ሙቀት አጥቷል፣ የዛሬውንም አላገኘም። እርስዎን ያበረደዎት ጥንታዊነት አይደለም ማለቴ ነው።

በሌላ በኩል ከእኛው አገር አንድ መልካም ምሳሌ ላቅርብ። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለና ሕዝቡ ከ400 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ባለው የራሱ ደንብ ሲጠብቀው የኖረ የጓሳ ሣር መሬት ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ነው። በዚያ ያለው የማኅበረሰቡ ማረፊያ እጅግ ቀላል ነው። የሚሄድ ሰው ስንቁን ይዞ እንደሚሄድና ሌሊቱ ብርቱ መሆኑን አስቀድሞ አውቆ ስለሚሄድ ቅሬታ ይዞ አይመለስም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ለእንግዳው ተነግሮታል።

ነርስ ከደብረ ብርሃን

ስለ ምቾቱ ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ ስለ ሕይወት ልናገር፣ እባካችሁ በጥሞና አንብቡልኝ።

እንዲህ ባለ ሌሊት ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ነገር ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ነው፤ አንዳንድ ማረፊያም እንግዳውን ለማስደሰት ብሎ ራሱ ያቀርባል። ይህ ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። «ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ አይጎዳም» የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ፍሙ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ራሱ የሳሳ በመሆኑ ጉዳቱ ይከፋል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ደግሞ ከሁሉ ፈጥነው ይጎዳሉ።

ስለዚህ ወለተ ሸዋ፣ በክፍላችሁ ማሞቂያ አለመኖሩ ቢያስከፋችሁም ከሰል ሳታስገቡ ጋቢ መደረባችሁ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በትክክል ከተሠራና ከተጠረገ ሌላ ነገር ነው፤ ጭስ ማውጫ የሌለው ግን በፍጹም አይሁን። ሙቅ ውኃ በጎማ ከረጢት ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማድረግ ርካሽና ደኅና ነው።

ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በመጀመሪያው ቀን ብዙ ደረጃ ባይወጡና ባይወርዱ፣ መድኃኒታቸውንም በእጅ ሻንጣ ቢይዙ እመክራለሁ።

ከፋይ እንግዳ

ሁላችሁም የምትሉት መልካም ነው፤ እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። «ታሪካዊ» የሚለው መጠሪያ ለጉድለት ሁሉ መሸፈኛ እየሆነ ነው። የተከፈለው ሙሉ የሆቴል ዋጋ ነው። ንጹሕ መጸዳጃ፣ በሌሊት የሚያበራ የደረጃ መብራትና በሩን የሚከፍት ሰው የዘመናዊነት ጉዳይ አይደሉም። እናቴ በከዘራ የምትሄድ ሴት ናት፤ መደገፊያ በሌለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ብትወድቅ የቤቱ ታሪክ አያነሣትም። ቤቱ ይህን ማቅረብ ካልቻለ ዋጋውን ይቀንስ፤ ወይም ለጎብኚ ብቻ ይከፈት እንጂ ለአዳሪ አይከራይ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ሙቅ ውኃው «ይመጣል» ተብሎ ለምን እንዳልመጣ በቁጥር ላስረዳ፤ ሠራተኞቹ የዋሹ ላይሆን ይችላልና።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ባሉ ቤቶች የሚገጠመው 80 ሊትር የሚይዝ፣ 1.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የውኃ ማሞቂያ ነው። በዚያ አገር ብርድ 12 ዲግሪ የሆነን ውኃ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ኃይል ሳይቋረጥ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያ ውኃ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለመታጠቢያ ወደሚስማማ 40 ዲግሪ ሲወርድ ከ140 ሊትር ጥቂት ያነሰ ይሆናል፤ በደቂቃ 8 ሊትር በሚያፈስ ሻወር ደግሞ በ17 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ መብራት ሁለት ጊዜ በጠፋበት ምሽት፣ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ባረፈበት ቤት፣ ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ሙቅ ውኃ ሊያገኝ አይችልም። ፈጣን የሚባለውና በቀጥታ የሚያሞቀው ዓይነት ከ4 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚፈልግ በገጠር ደካማ መስመር ላይ ሁሉንም ያጠፋዋል።

አሁን የወለተ ሸዋን አማት መንገድ፣ ውኃን በእሳት ማሞቅን፣ እናስላው። በዚያ ከፍታ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 20 ሊትር የፈላ ውኃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል ከ55 ሊትር ያላነሰ ለብ ያለ ውኃ ይሰጣል፤ ይህም በባልዲና በጣሳ ለሚታጠቡ አራት ሰዎች ይበቃል። አንድ ትልቅ ድስትና ምድጃ ያለው ወጥ ቤት ይህን መብራት ቢኖርም ባይኖርም ማቅረብ ይችላል። እኔ በሙያዬ የኤሌክትሪክ ሰው ሆኜ ሳለ ለእንደዚህ ያለ ቤት መጀመሪያ የምመክረው ድስቱን ነው፤ ቀጥሎ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ። የፀሐዩን የሚገዛ ግን ለብርድ አገር የሚሆነውን ይምረጥ፤ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት በቱቦው ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአሮጌ የጽድ ጣሪያ ላይ ያረጀ ሽቦ መጎተትና በላዩ ማሞቂያ መሰካት፣ ወይም ለእያንዳንዱ ክፍል ሻማ ሰጥቶ መተኛት እሳትን መጋበዝ ነው። በአዲስ አበባ እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ምን ያህል እንደተጎዳ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ቤት ከተቃጠለ መልሶ አይገኝም። በፀሐይ የሚሞላ የእጅ ፋኖስ ዛሬ በደብረ ብርሃን ገበያ ይሸጣል፤ ለየክፍሉ አንድ ቢሰጥ ሻማው ይቀራል።

የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ

እኔ በዚሁ ዞን፣ እርስዎ ካረፉበት በተለየ ማረፊያ፣ የእንግዳ መቀበል ሥራ እሠራለሁ። ከወቀሳው ብዙውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከወዲህ ማዶ ያለውንም ስሙልን።

የድንጋዩን ግድግዳ በስቶ ቱቦ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ግድግዳ ሲበሳ ይናዳል፤ የተበሳው በሲሚንቶ ሲደፈን ደግሞ ርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ይበላዋል። መታጠቢያው በግቢው ማዶ የሚሠራው ለዚህ ነው። ለእንግዳ የሚሆን ውኃም በበጋ በቦቴ ወይም በአህያ የምናመጣበት ጊዜ አለ። ካለፉት ዓመታት ወዲህ በአካባቢው በነበረው የጸጥታ ችግር እንግዳ ስለቀነሰ፣ ሌሊት የሚያድር ሠራተኛ መቅጠር ለብዙ ቤት ከባድ ሆኗል። ይህን የምለው ማስተባበያ ለማቅረብ አይደለም፤ ለከፋይ እንግዳ «ለአዳሪ አይከራይ» ላሉት መልስ እንዲሆን ነው። ቤቱ እንግዳ ካላደረበት ገቢ የለውም፤ ገቢ ከሌለው ጣሪያው አይጠገንም፤ ጣሪያው ያልተጠገነ የድንጋይ ቤት ጥቂት ክረምት ብቻ ነው የሚቆየው።

ነገር ግን አለመናገራችን ጥፋት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እንግዳው እንዳይቀርብን እንፈራለን። በእኛ ቤት ከዚህ በፊት ክፍል በስልክ ለሚይዝ ሰው መታጠቢያው የት እንደሆነ፣ መብራት እንደሚጠፋና ደረጃ መኖሩን መንገር ስንጀምር የቀሩብን እንግዶች ነበሩ፤ የመጡት ግን ጋቢያቸውን ይዘው፣ ተዘጋጅተው መጡ፤ ጠብም ቀረ።

አዛውንቱ ከአንጎለላ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን በደስታ ነው የተከታተልኩት።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በእኛ በአንጎለላ መካከል እየተመላለሱ ሲገዙ፣ ከባሕር በር የሚመጣው ነጋዴም መልእክተኛም ሽቅብ ወደ አንኮበር የሚወጣው በአልዩ አምባ በኩል ነበር። በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል የተዋዋሉትም እንዲህ የመጣውን መልእክተኛ ተቀብለው ነው። እንግዳን ማሳረፍ በዚህ አገር አዲስ ሙያ አይደለም ማለቴ ነው። እኔ በልጅነቴ ያየሁትም ቢሆን የእንግዳ ነገር ሥርዓት ነበረው፤ ውኃ የሚያሞቅ፣ እግር የሚያጥብ፣ መኝታ የሚያነጥፍ፣ በደጅ የሚያድር እያንዳንዱ ሥራውን ያውቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ያረጀ ቤት አንድ ነው፤ የአሮጌ መልክ የተሰጠው አዲስ ቤት ሌላ ነው። ከአጤ ምኒልክ የአንኮበር ግቢ ዛሬ የቀረው ጥቂት የግንብ ቅሪት ነው፤ በኮረብታው ላይ ማረፊያ የተሠራው የጥንቱን መልክ ተከትሎ በቅርብ ዘመን ነው፤ መልካም ሐሳብም ነው። ያረጀው ቤት ግድግዳው አይበሳም ቢባል እቀበላለሁ። ትናንት በብሎኬት ተሠርቶ ድንጋይ የተለጠፈበት ቤት ግን «ጥንታዊ ነኝና ውኃ የለኝም» ሊል አይችልም። ስትደውሉ መጀመሪያ ቤቱ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ያንን ካወቃችሁ የምትታገሡትንና የማትታገሡትን ትለያላችሁ።

ወለተ ሸዋ ልጄ፣ አማትሽን ሰላም በይልኝ።

ወለተ ሸዋ

አባቴ፣ ሰላምታዎን አድርሻለሁ፤ እሳቸውም አንጎለላ ዘመድ እንዳላቸው ንገሪልኝ ብለዋል። ሌሎቻችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስሌትና የነርሷ ማስጠንቀቂያ ለቤተሰባችን በሙሉ ተነቧል።

ከፋይ እንግዳ በጻፉት ብስማማም ቤቱ ለአዳሪ ይዘጋ በሚለው ግን አልስማማም። ልጆቼ ያንን በረንዳና ያንን ጠዋት በሙዚየም በር ላይ ቲኬት ቆርጠው አያገኙትም ነበር፤ አድረው ስለነጋባቸው ነው ያዩት። የምፈልገው ቤቱ እንዲኖርና እንግዳ እንዲቀበል ነው፤ የምጠይቀውም ዘመናዊ ነገር አይደለም። ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት ወይም በክፍል ውስጥ ሻወር በዚያ ቤት ባይኖር አልከፋም። የፈላ ውኃ በሰዓቱ፣ ወፍራም የሱፍ መደረቢያ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ፋኖስና ሌሊት የሚነቃ አንድ ሰው ግን ቤቱ በተሠራበት ዘመንም ሊኖሩ የሚችሉ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ነበሩ። ለእነዚህ ጥቂት ቢጨመርብኝ እንኳ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ።

ትናንት ይህንኑ ለሆቴሉ ኃላፊ በስልክ ነግሬያለሁ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ደንበኛ ነው የነገርኳቸው። መደረቢያውንና የሚፈላውን ውኃ ወዲያው ማድረግ እንደሚችሉ፣ የሌሊት ሠራተኛውን ግን እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ብቻ መቅጠር እንደሚችሉ መለሱልኝ። በደረጃው መደገፊያ ላይ ለጊዜው ቃል አልሰጡኝም፤ እስኪሠራ ድረስ አረጋውያን ከታች ካለው ክፍል እንዲያርፉና ይህም በስልክ እንዲነገራቸው ተስማምተናል።

የሁለት ልጆች አባት

ውይይቱን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። እኛም በቅርቡ ለመሄድ አስበናል፤ ትንሹ ልጃችን ገና ሕፃን ነው። የትኛው ወር ይሻላል? ከሕፃን ጋርስ ማደር ይቻላል?

ወለተ ሸዋ

ወንድሜ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ የጠራ ነው፤ ነገር ግን ውርጭ የሚወርደው በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ከሕፃን ጋር አልመክርም። ክረምት ደግሞ ጉምና ጭቃ ነው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ አገሩ አደይ ለብሶ፣ ብርዱም ገና ሳይበረታ ስለሚያገኙት ያኔ ይሂዱ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ፤ ከጨለመ አይጓዙ። ሕፃኑን ይዛችሁ ሌሊቱን ደብረ ብርሃን ብታድሩና ማልዳችሁ 40 ኪሎ ሜትሩን ተጉዛችሁ ብትውሉ ይሻላል፤ ልጁ ከፍ ሲል ታድሩበታላችሁ።